የሠዓሊው መመለሻ፤ ቪላ አልፋና የሥዕል ሥራ ቤት ታሪክ

አንድ ሠዓሊ ከረጅም ጉዞ ሲመለስ ወዳጅ ዘመድ የሚጠይቀው ምን አይቶ፣ ምን ይዞ እንደመጣ ነው። ያየውንና የያዘውን የት ገብቶ ወደ ሥራ እንደሚለውጠው የሚጠይቅ ሰው ግን ጥቂት ነው። ሥዕል የመንፈስ ሥራ ነው ሲባል ስለሚሰማ፣ ቁመት ያለው ግድግዳ፣ የተስተካከለ ብርሃን፣ ውሃ የማያስገባ ጣሪያና ሸራ የሚቀመጥበት ደረቅ ክፍል እንደሚያሻው ይዘነጋል። እነዚህ ደግሞ የመሐንዲስና የአርክቴክት ጉዳዮች ናቸው። በመሆኑም የሥዕል ሥራ ቤት ታሪክ ለማኅበሩ አባላት እንግዳ ሊሆን አይገባውም።

በአገራችን ይህን ታሪክ ከሁሉ ይልቅ አጉልቶ የሚያሳየው የሎሬት አፈወርቅ ተክሌ ሕይወት ነው። ሠዓሊው ከውጭ አገር ወደ ኢትዮጵያ ከተመለሱባቸው ጊዜያት ሦስቱ ለዚህ ጉዳይ ልዩ ትርጉም አላቸው። በመጀመሪያው የራሳቸው የሥራ ቤት አልነበራቸውም፤ በሁለተኛው በመንግሥት ተቋም ውስጥ ክፍል አገኙ፤ በሦስተኛው ምዕራፍ ግን ራሳቸው በነደፉት ቤት ውስጥ ገቡ። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት፣ የኢትዮጵያ መሆናቸው ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያው መመለስ

አፈወርቅ ተክሌ ጥቅምት 12 ቀን 1925 ዓ.ም. በአንኮበር ተወለዱ። ልጅነታቸው ከጠላት ወረራና ከነጻነቱ ማግሥት ጋር የተያያዘ ነው። በ1947 ለትምህርት ወደ እንግሊዝ አገር ሲላኩ የታሰበላቸው ሙያ ሥዕል አልነበረም፤ የማዕድን ምሕንድስና ነበር። በዚያ ዘመን አገሪቱ ከሁሉ አስቀድማ የምትሻው መሐንዲስና ሐኪም ስለነበረ ይህ ምርጫ አያስደንቅም። በሌይተን ፓርክ ትምህርት ቤት ሳሉ ግን መምህራኖቻቸው የእጃቸውን ተሰጥዎ ተመልክተው አበረታቷቸው። ከዚያም ለንደን በሚገኘው ማዕከላዊ የጥበብና የእደ ጥበብ ትምህርት ቤት፣ ቀጥሎም በስሌድ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ገብተው ተማሩ። በስሌድ ከሥዕል ሌላ ቅርጻ ቅርጽንና የሕንፃ ንድፍን አጥንተዋል። የኋለኛው ትምህርት በኋላ ለሠሩት ቤት መሠረት እንደሆነ መገመት አያዳግትም።

በሕይወት ታሪካቸው እንደሚነገረው፣ ከመሄዳቸው በፊት ንጉሠ ነገሥቱ ለተማሪዎቹ በሰጡት ምክር፣ ሲመለሱ የአውሮፓን ሕንፃ ርዝመትና የመንገዱን ስፋት እንዲያወሩ ሳይሆን ኢትዮጵያን መልሶ የሚሠራ ዕውቀትና አስተሳሰብ ይዘው እንዲመጡ አሳስበው ነበር። ትምህርቱን ፈጽሞ የተመለሰ ወጣት በዚያ ዘመን ከፍ ያለ የመንግሥት ሥራ እንደሚይዝ ይጠበቅ ነበር። አፈወርቅ ግን ወደ ቢሮ በመግባት ፈንታ በየጠቅላይ ግዛቱ እየተዘዋወሩ የሕዝቡን አኗኗርና ባህል ማጥናት መረጡ። በ1954 በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት አዳራሽ የመጀመሪያውን የግል ኤግዚቢሽናቸውን አሳዩ።

ይህ የመጀመሪያ መመለስ አንድ እውነት ያስረዳል። ሠዓሊው ዕውቀት ነበራቸው፤ የሚሥሉትም አገር በፊታቸው ተዘርግቶ ነበር። ቋሚ የሥራ ቤት ግን አልነበረም። በመንገድ ላይ ያለ ሠዓሊ ንድፍ ማውጣትና ትናንሽ ሥዕል መሥራት ይችላል፤ ግድግዳ የሚያክል ሸራ ወጥሮ ወራት የሚፈጅ ሥራ መሥራት ግን አይችልም። የሥራው ልክ በሥራ ቤቱ ልክ ይወሰናል።

ሁለተኛው መመለስ

ከ1954ቱ ኤግዚቢሽን በኋላ ሠዓሊው እንደገና ወደ አውሮፓ ተጓዙ። በሁለት ዓመት ገደማ ቆይታቸው በኢጣልያ፣ በፈረንሳይ፣ በስፔን፣ በፖርቱጋል፣ በእንግሊዝና በግሪክ ተዘዋውረዋል። በለንደን፣ በፓሪስና በቫቲካን ቤተ መጻሕፍት የሚገኙትን በሥዕል ያጌጡ የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት በጥልቀት አጠኑ፤ በባለ ቀለም መስታወት ሥዕል የመሥራትንም ጥበብ ተማሩ። የአገራቸውን የጥንት ሥዕል ለማየት ወደ ውጭ አገር መሄድ ማስፈለጉ በራሱ የሚያሳዝን ትምህርት ነበረበት፤ የሥነ ጥበብ ሥራ ተጠብቆ የሚኖረው ጥሩ ቤት ባገኘበት ቦታ ነውና።

ሲመለሱ የሥራ ቤታቸውን በ1944 በተመሠረተው በብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ከፈቱ። ይህ ለሠዓሊው ትልቅ እርምጃ ነበር። ዝናቸው እየሰፋ ሲሄድም ትላልቅ ሥራዎች ተከታትለው መጡ። ለአዲስ አበባ ቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል የግድግዳ ሥዕልና የሞዛይክ ሥራ ሠሩ፤ በሐረር እስከ 2020 ቆሞ የነበረውን የራስ መኮንን ሐውልት አበጁ፤ የፖስታ ቴምብርና የክብረ በዓል ልብስ ሳይቀር ነደፉ።

ከነዚህ ሁሉ የሚበልጠው የአፍሪካ አዳራሽ የመስታወት ሥራ ነው። አርክቴክት አርቱሮ መዜዲሚ የነደፉትና በ1961 የተመረቀው ይህ ሕንፃ፣ የአፍሪካን ያለፈ ዘመን፣ ትግልና የወደፊት ተስፋ የሚያሳዩ ሦስት የባለ ቀለም መስታወት ሥዕሎች አሉት። ጠቅላላ ስፋታቸው 150 ካሬ ሜትር ያህል ነው። ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተው በዚሁ ሕንፃ ውስጥ ነው።

የመስታወት ሥዕል አሠራር ለመሐንዲስ የሚገባ ነገር ነው። መስታወቱ ከመቆረጡ በፊት የእያንዳንዱ ቁራጭ ቅርጽ በእውነተኛ መጠኑ በወረቀት ላይ መነደፍ አለበት። ቁራጮቹን የሚያያይዘው መስመር የሥዕሉ መስመር ብቻ አይደለም፤ የነፋስን ግፊትና የራሱን የመስታወቱን ክብደት የሚሸከም የአካሉ አጽም ነው። የቀለሙ ድምቀትም በጀርባው ባለው ብርሃን መጠን ይወሰናል። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ሥራ የሚያስብ ሰው ሠዓሊ ብቻ ሳይሆን የግንባታ ሰውም መሆን ይኖርበታል። በተውሶ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ይህን የሚያህል ሥራ ያሰበ ሰው፣ ለሥራው የሚመጥን የራሱን ቤት ቢመኝ ምክንያቱ ግልጽ ነው።

ሦስተኛው ምዕራፍ፤ ቪላ አልፋ

በ1961 የሠዓሊው ሥራዎች በሰፊው የታዩበት ኤግዚቢሽን በአዲስ አበባ ተደረገ። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት በአፍሪካ፣ በሶቪዬት ኅብረትና በአሜሪካ ተጓዙ። በ1964 ለሥነ ጥበብ የተሰጠውን የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማት በመቀበል የመጀመሪያው ሆኑ። በሕይወት ታሪካቸው እንደተጻፈው «የመስቀል አበባ» ከተባለው ሥዕላቸው አንደኛውን ቅጂ ሸጠው ባገኙት ገንዘብ ራሳቸው የነደፉትን 22 ክፍል ያለውን ቤት ሠሩ። ስሙንም በግሪክ ፊደል መጀመሪያ ስም ቪላ አልፋ አሉት።

ቤቱ በአዲስ አበባ በቀድሞው አውሮፕላን ማረፊያ አካባቢ ይገኛል። መኖሪያ፣ የሥራ ቤትና የሥዕል ማሳያ በአንድነት የያዘ ነው። በንድፉ የጎንደርን ግንብ፣ የሐረርን የከተማ ቅጥርና የአክሱምን የድንጋይ ጥበብ የሚያስታውሱ ነገሮች ተካተዋል። በዚያ ዘመን በአዲስ አበባ የሚሠሩት ዘመናዊ ሕንፃዎች አብዛኞቹ በውጭ አገር ሰዎች የተነደፉ እንደነበሩ ሲታወስ፣ አንድ ኢትዮጵያዊ ሠዓሊ የአገሩን የግንባታ ታሪክ በራሱ መኖሪያ ውስጥ ለማሰባሰብ መሞከሩ ትርጉም ያለው ነው። የጥንቱን መልክ በአዲስ ግንባታ ላይ መድገም ተገቢ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ክርክር በሙያው ሰዎች ዘንድ ያልተዘጋ ነው። ሆኖም ቪላ አልፋ ጥያቄውን በወረቀት ላይ ሳይሆን በድንጋይ ካነሡት መካከል ነው።

የቤቱ ታላቅ ጥቅም ግን ከመልኩ ይልቅ በአገልግሎቱ ነው። ሠዓሊው ከየጉዞው ሲመለሱ ሸራው በተወጠረበት፣ ቀለሙ በተቀመጠበት ያገኙታል። ሥራ በቆመበት ይቀጥላል። ብዙዎቹን ዋና ዋና ሥዕሎቻቸውን ሳይሸጡ በቤታቸው ለማኖርና ለጎብኚ ለማሳየት የቻሉትም ቦታው ስለነበራቸው ነው። በኋላ የመጡት ሥራዎች ዝርዝር ይህን ይመሰክራል። በ1977 በአልጀርስ በተደረገው ዓለም አቀፍ በዓል የአንድነት ሥዕላቸው የወርቅ ሜዳይ አገኘ፤ በ1981 ራሳቸውን የሣሉበት ሥዕል በፍሎረንስ ወደሚገኘው ወደ ኡፊዚ ቤተ ሥዕል ቋሚ ስብስብ ገባ፤ በ1997 በፈረንሳይ በአኪቴን ቢየናሌ የመጀመሪያውን ደረጃ አገኙ።

በመካከሉ አገሪቱ በብዙ ለውጥ አልፋለች። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. በታወጀው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሲሆን፣ ብዙ የአዲስ አበባ ቤቶች ባለቤታቸውንና አገልግሎታቸውን ለወጡ። ቪላ አልፋ ግን የሠዓሊው መኖሪያም የሥራ ቦታም ሆኖ ቀጠለ። ሎሬት አፈወርቅ ሚያዝያ 2 ቀን 2004 ዓ.ም. እስካረፉበት ጊዜ ድረስ ሦስት መንግሥታት ሲፈራረቁ ቤቱ የሥዕል ቤት እንደሆነ ነበር።

የብርሃን ጥያቄ

የሥዕል ሥራ ቤት ሲነደፍ በአውሮፓ መጻሕፍት የሚገኘው የመጀመሪያ ትእዛዝ መስኮቱ ወደ ሰሜን ይሁን የሚል ነው። ለለንደንና ለፓሪስ ይህ ትክክል ነው። በእነዚያ ከተሞች ፀሐይ በእኩለ ቀን ሁልጊዜ በደቡብ በኩል ስለምትሆን በሰሜን መስኮት የሚገባው የሰማይ ብርሃን ብቻ ነው፤ ብርሃኑም ቀኑን ሙሉ ብዙ አይለዋወጥም። ሠዓሊው ጠዋት የቀላቀለውን ቀለም ከሰዓት በኋላ በዚያው መልክ ያየዋል።

ይህንኑ ትእዛዝ ሳይመረምሩ ወደ ኢትዮጵያ ማምጣት ግን ስሕተት ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን በ9 ዲግሪ ኬክሮስ ላይ ትገኛለች። በዚህ ኬክሮስ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ ገደማ፣ በእኩለ ቀን በአናት ላይ ትቆማለች። በሁለቱ ቀኖች መካከል ባሉት አምስት ወራት ያህል የእኩለ ቀን ፀሐይ የምትገኘው በሰሜን በኩል ነው። ከአውሮፓ የተቀዳ የሰሜን መስኮት በነዚህ ወራት ቀጥተኛውን ፀሐይ ወደ ሸራው ያስገባል።

መፍትሔው አስቸጋሪ አይደለም፤ ስሌት ብቻ ይፈልጋል። በሰኔ አጋማሽ የአዲስ አበባ የእኩለ ቀን ፀሐይ ከአናት ወደ ሰሜን የምታዘነብለው 14 ዲግሪ ተኩል ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ 2 ሜትር ከፍታ ላለው የሰሜን መስኮት፣ ልክ ከመስኮቱ ራስ ላይ የሚወጣ 52 ሳንቲሜትር ያህል የጣሪያ ጠርዝ የእኩለ ቀኑን ፀሐይ ይከለክላል። ለደቡብ መስኮት ነገሩ ይከብዳል። በታኅሣሥ አጋማሽ ፀሐይዋ ከአናት 32 ዲግሪ ተኩል ያህል ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል ለዚያው 2 ሜትር መስኮት 1 ሜትር ከ27 ሳንቲሜትር የሚወጣ ጠርዝ ያስፈልጋል። በጠዋትና በማታ ከጎን የምትገባውን ፀሐይ ደግሞ በመስኮቱ ግራና ቀኝ በሚቆም ግድግዳ መከልከል ይቻላል። እንግዲህ የሰሜን መስኮት ለእኛም አገር የተሻለ ነው፤ የተሻለ የሚሆነው ግን ጥላው በራሳችን ኬክሮስ ሲሰላ ነው።

ቤት ያላገኙ ሥዕሎች

የሥራ ቤት ጥቅም የሚታወቀው በሌለበት ጊዜ ነው። ገብረ ክርስቶስ ደስታ ከሎሬት አፈወርቅ ጋር በአንድ ዓመት፣ በ1932፣ በሐረር ተወለዱ። በጀርመን አገር በኮሎኝ ተምረው በ1962 ተመለሱ፤ በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት እያስተማሩ ለኢትዮጵያ ሥዕል አዲስ መንገድ ከፈቱ። በ1965 እርሳቸውም የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ሽልማት ተቀበሉ። በ1970ዎቹ መጨረሻ ግን አገራቸውን ለቀው ወጡ፤ በ1981 በአሜሪካ አረፉ። ሥራዎቻቸው በአንድ ጣሪያ ሥር አልቀሩም፤ ከፊሉ በጀርመን አገር ተቀምጦ ኖረ። በ2008 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በስማቸው የተሰየመው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ማዕከል ሲከፈት ከጀርመን የተመለሱት ሥዕሎቻቸው እዚያ ዐረፉ። ሥዕሎቹ ወደ አገራቸው የገቡት ሠዓሊው ካረፉ ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው።

ሁለቱ ሰዎች በጥበባቸው ይለያያሉ፤ ማን ይበልጣል የሚለው የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ አይደለም። በዕድላቸው መካከል ካሉት ልዩነቶች አንዱ ግን ግድግዳና ጣሪያ ነው። አንደኛው ሥራቸውን የሚያኖሩበት ቤት ሠርተው ነበር፤ የሌላው ሥራ ግን ቤት ያገኘው በሌሎች ጥረት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

በቅርቡ ዘመን ሌላ መንገድ የመረጡም አሉ። ሠዓሊው ኤልያስ ስሜና የሥነ ጥበብ ባለሙያዋ መስከረም አሰግድ በ2019 በመካኒሳ የከፈቱት ዞማ ሙዚየም ከጭቃና ከጭድ በባህላዊ አሠራር የተገነባ ነው። ቪላ አልፋ የቤተ መንግሥትንና የቅጥርን ግንባታ ሲያስታውስ ዞማ የገበሬውን ቤት አሠራር ወደ ከተማ አመጣ። የሁለቱም ሐሳብ ግን አንድ ነው፤ የጥበብ ሥራ የሚሠራበት ቤት ራሱ የጥበብ ሥራ መሆን እንደሚገባው ያምናሉ።

ከአዲስ አበባ ውጭ፤ ደዶና ጅማ

እስካሁን የተነገረው የዋና ከተማ ታሪክ ነው። ጥያቄው ግን በክፍለ ሀገርም የሚነሣ ነው። ከከተማ ተምሮ ወይም ተጉዞ ወደ ጅማ አካባቢ፣ ለምሳሌ ከጅማ በስተደቡብ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ወደምትገኘው ወደ ደዶ፣ የሚመለስ ሠዓሊ ምን ዓይነት የሥራ ቤት ያስፈልገዋል?

አካባቢው ለጥበብ ባዕድ አይደለም። ከአንድ ግንድ የሚፈለፈለው የጅማ በርጩማ በመላ አገሪቱ የታወቀ ነው። ከ1878 እስከ 1932 የነገሡት የዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት በጅሬን ኮረብታ ላይ ቆሞ የእንጨት ሥራው ምን ያህል ደርሶ እንደነበረ ያሳያል። የእንጨት ጠራቢው የሥራ ቤት ከጥንት ጀምሮ መኖሪያው ነው፤ በረንዳው ብርሃን ይሰጠዋል፤ የጣሪያው ጠርዝ ከዝናብ ይከልለዋል። ስለዚህ በመኖሪያ ቤት ውስጥ የሥራ ቤት መክፈት በዚያ አገር አዲስ ነገር አይሆንም።

አዲሱ ነገር ሸራና የዘይት ቀለም ናቸው። እንጨት ጠራቢው የሠራውን በገበያ ቀን ይሸጣል፤ ሠዓሊው ግን ሥራውን ለዓመታት ማቆየት ይኖርበታል። የጅማ አካባቢ ዝናብ በብዙ ወራት የተከፋፈለና የበዛ ነው። እርጥበት ሸራን ያላላል፤ ሲደርቅ መልሶ ያጠብቀዋል፤ ይህ ሲደጋገም ቀለሙ ይሰነጠቃል። በአየር እጦት የታፈነ ክፍል ደግሞ ሻጋታ ያበቅላል። ቡና አድራቂው ይህን ጠንቅቆ ያውቃል፤ ቡናውን ከመሬት ከፍ ባለ አልጋ ላይ የሚያሰጣው ነፋስ ከሥሩ እንዲያልፍ ነው። የሥዕል ማስቀመጫም በዚሁ ብልሃት ቢሠራ ትክክል ይሆናል። ሸራው መሬት ሳይነካ፣ ከውጭ ግድግዳ ራቅ ብሎ፣ አየር በዙሪያው እንዲያልፍ ሆኖ ይቀመጥ።

የብርሃኑም ስሌት ትንሽ ይለወጣል። በደዶ ኬክሮስ፣ በ7 ዲግሪ ተኩል ገደማ፣ ለ2 ሜትር የሰሜን መስኮት የሚያስፈልገው የጣሪያ ጠርዝ 57 ሳንቲሜትር፣ ለደቡብ መስኮት ደግሞ 1 ሜትር ከ20 ያህል ነው። በብዙ ዝናብ አገር ግን ጠርዙ ከፀሐይ ይልቅ ለዝናብ ሲባል ከዚህ በላይ መርዘም አለበት። የቆርቆሮ ጣሪያ ከሆነ ከሥሩ ኮርኒስ ያሻዋል፤ ያለ ኮርኒስ ሌሊት የሚቀዘቅዘው ቆርቆሮ እርጥበትን ወደ ጠብታ ለውጦ በሥዕሉ ላይ ያንጠባጥባል። እነዚህ ሁሉ ብዙ ወጪ የማይጠይቁ ነገሮች ናቸው። የሚጠይቁት ቤቱ ከመሠራቱ በፊት መታሰባቸውን ነው።

ማጠቃለያ

የሎሬት አፈወርቅ ሦስት መመለሶች ለሙያ ባልደረቦች የሚሰጡት ትምህርት ግልጽ ነው። ዕውቀት ይዞ የመጣ ሰው ቦታ ካላገኘ ዕውቀቱ በመንገድ ላይ ይቀራል፤ የተውሶ ክፍል ሲያገኝ ታላቅ ሥራ መጀመር ይችላል፤ የራሱ ቤት ሲኖረው ደግሞ ሥራውን ሠርቶ ለመጪው ትውልድ ለማቆየት ይበቃል። ለማዕድን ምሕንድስና ተልከው ሠዓሊ የሆኑት ሰው በመጨረሻ የግንባታን ሙያ አልተለዩትም፤ ትልቁን የግል ሥራቸውን በሕንፃ መልክ ሠሩት።

ቤት ሠሪው ከሞተ በኋላ ግን ቤት ራሱን አይጠብቅም። የሠዓሊ ቤት የሚጎዳው በአንድ ቀን አደጋ ብቻ አይደለም፤ የተደፈነ አሸንዳ፣ የላላ የቆርቆሮ ምስማር፣ ያልተለወጠ የኤሌክትሪክ ሽቦ ቀስ በቀስ ያፈርሱታል። በ2024 እድሳቱ ተጠናቆ እንደገና የተከፈተው የአፍሪካ አዳራሽ በቂ ገንዘብና ባለሙያ ሲመደብ ምን ማድረግ እንደሚቻል አሳይቷል። የሠዓሊዎች ቤቶች ግን ዓለም አቀፍ ድርጅት የለላቸውም። በየክፍለ ሀገሩ ያሉ የማኅበሩ አባላት በአካባቢያቸው ያሉትን እንዲህ ዓይነት ቤቶች ለክተው ፕላናቸውን ቢያነሡ፣ ዝናብ ከመግባቱ በፊትም ጣሪያቸውን ቢመረምሩ፣ ለአገሪቱ ሥነ ጥበብ የሚያደርጉት ውለታ ከብዙ ንግግር የበለጠ ይሆናል። ለዚህ ሥራ አዲስ አዋጅ አያስፈልግም፤ መሰላል፣ ሜትርና የአንድ ቀን ጊዜ ይበቃሉ።